«ፕሮዳክቲቭ» የሚለው ቃል ወይባ ሸለቆ የገባ ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ጥቂት አንጠባጥቦ በወጣበት ዓመት፣ ወይባ በሚባል የቆላ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ውሃ ሊያልቅባቸው ሆነ። ወንዙ ገና በጥቅምት ቀጠነ። ኅዳር ሲገባ እዚህም እዚያም የታቆረ ዝቃጭ ውሃ ብቻ ቀረ። የሸለቆው ንጉሥ አንበሳም እንስሳቱን ሁሉ ከትልቁ ሾላ ሥር ሰበሰባቸው።

«ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ፣ ከአሸዋው በታች ውሃ አለ» አላቸው። «በአባቴ ዘመን እንዲህ ያለ በጋ መጥቶ እዚያው ቆፍረው ነው የተረፉት። ጥልቅ ጉድጓድ ይፈልጋል። በጋው ሳይጠና ከደረስንበት እስከ በልግ ያቆየናል። ካልደረስንበት ግን መጀመሪያ የሚያልቁት ግልገሎቻችሁ ናቸው።»

ማንም አልተቃወመም። በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ከርከሮ በአፍንጫውና በክራንቻው እየገመሰ ከፊት ይቆፍራል። ዝንጀሮ ድንጋዩን እያነሳ ያወጣል። ሚዳቋና ጥንቸል አሸዋውን በእግራቸው ወደ ኋላ ይጠርጋሉ። አህያ እርጉዝ ስለነበረች «አንቺ የራስሽ ሸክም ይበቃሻል» ብለው ከሾላው ጥላ ሥር ተዉአት።

ጅብ ሥራውን ከሩቅ ሆኖ ያይ ነበር። የሸለቆው ሕግ አይጥመውም። ሕጉ በሸለቆው ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይበላ ይከለክላል፤ ሥጋ ያማረው ተራራውን ተሻግሮ ማደን አለበት። ጅብ ግን መንገዱ ይርቀዋል፤ አህያን ባየ ቁጥርም ምራቁን ይውጣል። ቀበሮ ደግሞ መቆፈር አይወድም። «አሸዋው ጸጉሬ ውስጥ እየገባ ያሳክከኛል» ይል ነበር።

ጉድጓዱ የዝንጀሮን ወገብ ያህል እንደጠለቀ ጦጣ ከተራራው ማዶ ተመለሰች። ከተራራው ማዶ የሰዎች ሰፊ እርሻ፣ አንድ ቢሮና አንድ ጤና ጣቢያ አለ። ጦጣ ከመስኮቶቹ ሥር የሚጣለውን እየለቀመች እዚያ ከርማ ነበር። እንደመጣች በቀጥታ ከሾላው ሥር ከእንስሳቱ ጋር ተቀምጦ የነበረው አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ይዤ መጣሁ» አለች። «ከሰዎቹ አፍ አይለይም። ፕሮዳክቲቭ ይላሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከሌላ አገር የመጣ ቃል ነው። ሲሉት ግን ደረታቸው ይነፋል። መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ሰውዬ ስብሰባ ሲያልቅ ተነሥቶ ‹የዛሬው ስብሰባችን በጣም ፕሮዳክቲቭ ነበር› ሲል ነው። ሁሉም አጨበጨቡለት። ደግሞ ሌላ ጊዜ…»

«ገባኝ!» ብሎ ቀበሮ ዘሎ መሐል ገባ። «ጌታዬ፣ ይህን ቃል እኔም አውቀዋለሁ። ፕሮዳክቲቭ ማለት ሥራ የማይፈታ፣ ከወዲያ ወዲህ የሚል፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት ላቡ የሚያብረቀርቅ ማለት ነው።»

«እኔ እኮ ገና አልጨረስኩም» አለች ጦጣ።

«ይበቃል እመት ጦጢት፣ መንገዱ አድክሞሻል። አረፍ በይ።» ቀበሮ ይህን ብሎ ወደ አንበሳ ዞረ። «ጌታዬ፣ ጉድጓዱ ለምን እንደሚጓተት አሁን ተገለጠልኝ። ፕሮዳክቲቭ የሆነውና ያልሆነው አልተለየም። እኔ ከወንዙ በላይ ካለው ጥቁር አለት ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን ልከታተል። ማን ፕሮዳክቲቭ እንደሆነም ፀሐይ ስትጠልቅ ለእርስዎ ልንገር።»

«ሳይሆን የቀረውስ?» አለ አንበሳ።

«እሱማ የሌላውን ውሃ ነው የሚጠጣው። ከሸለቆው ይውጣ።»

ጅብ ጆሮው ቆመ። «ከሸለቆው ከወጣ ሕጉ ይጠብቀዋል?»

«ከሸለቆው የወጣ ከሕጉም ወጣ፣ አያ ጅቦ።»

«እንዴት ያለ ጥሩ ቃል ነው!» አለ ጅብ። ቃሉን ራሱ ሊለው ቢሞክር ግን ምላሱ ተሳሰረበት።

አንበሳ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ውሃው ሳይገኝ ቀርቶ ግልገሎች ሲሞቱ በሕልሙ ያይ ነበር። ሥራውን የሚያፋጥን ነገር ሁሉ መልካም መሰለው። «እሺ፣ ይሁን» አለ።

ቀበሮም አለቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አለቱ ከፍ ያለ ነው፤ ከላዩ ሆኖ ሜዳውም፣ ዳገቱም፣ የወንዙ ዳርም ይታያል። ቀኑን ሙሉ ስም እየጠራ ዋለ።

«ጥንቸል፣ ፕሮዳክቲቭ! ዝንጀሮ፣ ፕሮዳክቲቭ! ከርከሮ… ከርከሮ የታለ?»

«አለሁ!» የሚል የታፈነ ድምፅ ከጉድጓዱ ተሰማ።

«የት?»

«ጉድጓዱ ውስጥ!»

«አትታየኝም።»

«ጉድጓድ ውስጥ ያለ እንዴት አድርጎ ይታያል?» አለ ከርከሮ አሸዋውን ከአፉ እየተፋ።

«እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው። ነገም እንዲሁ ከሆንክ ለጌታችን ሳልናገር አልቀርም።»

ከርከሮ ሚስትና ልጆች አሉት። ሲያወጣ ሲያወርድ አደረና በማግስቱ ወደ ጉድጓዱ አልገባም። ከወንዙ ዳር ወጥቶ ጭራውን እንደ እንጨት አቁሞ ወደ ላይ ሮጠ፤ ደግሞ ወደ ታች ሮጠ።

«ከርከሮ፣ ፕሮዳክቲቭ!» አለ ቀበሮ።

ይህን ያየው ዝንጀሮም ድንጋይ ማውጣቱን ተወ። ታች የሚሠራ አይታይም፤ ላይ የሚሮጥ ይታያል። ሚዳቋ ከአለቱ ፊት እየዘለለች ታልፍ ጀመር። ጥንቸል በዚያው መንገድ ደጋግማ እየተመላለሰች ደህና ጎዳና አወጣች። ጅብ አንድ ድብልብል ድንጋይ ከኮረብታው ሥር እየገፋ ወደ ላይ ያወጣና መልሶ ይለቀዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ማንም አልቀረም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የተቆፈረውን አሸዋ ቀስ በቀስ ይመልሰው ጀመር።

አቧራው በዛ። እንስሳቱን ሁሉ ሳል ያዛቸው። አንድ ቀን ጦጣ ከጓደኛዋ ጋር ዛፍ ላይ ሆና «ጤና ጣቢያው ውስጥ እኮ ሳልንም ፕሮዳክቲቭ ይሉታል» ስትል ጅብ ከሥር ሰማ። ለምን እንደሚሉት አልጠየቀም። ድንጋዩን ጣለና አለቱ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ «እህ! እህ! እህ!» ሲል ዋለ።

«ምን ሆነሃል አያ ጅቦ?» አለው ቀበሮ።

«ፕሮዳክቲቭ እየሆንኩ ነው።»

«ትንሽ ራቅ ብለህ ሁን» አለው ቀበሮ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቀበሮ ወደ አንበሳ ዋሻ ይሄድና «ጌታዬ፣ ዛሬም ሁሉም ፕሮዳክቲቭ ሆነው ውለዋል» ይለዋል። አንበሳም ከዋሻው ደጅ ሆኖ ከወንዙ በኩል የሚነሣውን አቧራ አይቷልና ያምነዋል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር።

እንዲህ እየሆነ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ገባ። ጅብ ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ረፋድ ቀበሮን ከአለቱ ጀርባ ጠራው።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ እስካሁን ፕሮዳክቲቭ ያልሆነ አንድ እንኳ አጣህ? እኔ እኮ ራበኝ።»

ቀበሮ ግራ ቀኙን አየ። «አህያን አላየሃትም? ሁሉ ሲሮጥ እሷ ከጥላ ሥር ተገትራ ነው የምትውለው።»

«እርጉዝ ናት አይደል?»

«ቃሉ ስለ እርግዝና የሚለው ነገር የለም። ዛሬውኑ ለጌታችን እናገራለሁ። ግን ሁለቱ የኋላ ጭኖች የእኔ ናቸው።»

ጅብ አሰበ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ጆሮዎቿን ግን አልሰጥህም። ረጃጅም ናቸው።»

በዚያው ዕለት አህያ ከሾላው ሥር ተከሰሰች። እንስሳቱ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሚዳቋ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች፤ ከርከሮም ፊቱን አዞረ። ሁለቱም አህያ እርጉዝ መሆኗን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ነገ ተረኛ መሆንን ፈሩ። ጅብ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ከፊት ተቀምጧል።

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ «ይህች አህያ ጉድጓዱ ከተጀመረ ጊዜ አንስቶ ስትሮጥ አልታየችም። ላብም አልታየባትም። ፕሮዳክቲቭ አይደለችም። በሕጉ መሠረት ከሸለቆው ትውጣ።»

አንበሳ አህያን አያት። «ምን ትያለሽ?»

አህያ ሆዷ ከብዶ ቀስ ብላ ወደ ፊት ወጣች። ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«ጌታዬ፣ አልሮጥኩም፤ እውነት ነው። አንድ ቀን ሞክሬ አቃተኝና ወደቅኩ። ከዚህ ወጥቼ የት እንደምደርስም አውቃለሁ፤ አያ ጅቦ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔ መልካም መንገድ ልመኝልሽ ነው የመጣሁት» አለ ጅብ። ምራቁ ግን አገጩ ላይ ወርዶ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ» አለች አህያ። «የምባረርበትን ቃል ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ቃሉን ያመጣችው እመት ጦጢት ናት። ያን ዕለት ‹ገና አልጨረስኩም› ስትል እዚሁ ቆሜ ሰምቻታለሁ። እስቲ ትጨርስና ከዚያ በኋላ ይፈረድብኝ።»

«ጌታዬ፣ ጊዜ ማባከን ነው!» አለ ቀበሮ። «ቃሉ ተተርጉሟል፤ ሥራ ላይም ውሏል።»

«ትናገር» አለ አንበሳ።

ጦጣ ከዛፉ ወረደች።

«ቃሉን በሦስት ቦታ ነው የሰማሁት፣ ጌታዬ። የስብሰባውን ነግሬዎታለሁ። ሁለተኛ የሰማሁት ከጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ነው። አንድ ሽማግሌ ሲያስላቸው ነርሷ ‹አክታ አለው ወይስ ደረቅ ነው?› ብላ ጠየቀቻቸው። ‹አለው› አሏት። ለባልደረባዋ ‹ሳላቸው ፕሮዳክቲቭ ነው› አለቻትና አክታውን የሚተፉበት ዕቃ ሰጠቻቸው።»

«እንግዲያው የእኔም ሳል…» ብሎ ጅብ ጀመረ።

«የአንተ ደረቅ ነው» አለች ጦጣ። «ሦስተኛ የሰማሁት ከእርሻው ዳር ነው። አንድ ገበሬ ለእንግዳ መሬቱን እያሳየ ‹ይህ ማሳ ከሁሉም ይልቅ ፕሮዳክቲቭ ነው› አለው። ማሳው ግን ባዶ ነበር። አንዲት የበቀለች ነገር አልነበረበትም። እንግዳው ‹ምንም የለበትም እኮ› ቢለው ‹አሁንማ እያረፈ ነው። ሲዘራበት የሚሰጠኝን ብታይ እንዲህ አትልም› አለው።»

እንስሳቱ ጅራታቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም።

«ከሳሉ አክታ ወጣ» አለ አንበሳ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ከማሳው እህል ይወጣል። ከስብሰባውስ ምን ወጣ?»

ጦጣ አሰበች። «ሰዎቹ ወጡ፣ ጌታዬ። ሌላ ያየሁት ነገር የለም።»

«እንግዲያው ያ ሰውዬ ቃሉን ለጭብጨባ ነው የተጠቀመበት። ሁለቱ ግን አንድ ነገር ይላሉ። ቃሉ ስለ ሩጫም ስለ ላብም አይደለም። ምን ተገኘ ነው የሚለው።» አንበሳ ተነሣ። «ኑ፣ ጉድጓዱን እንየው።»

ሁሉም ተከተሉት። ቀበሮ ወደ ኋላ ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ ጅብ ግን ስለ አህያዋ ጭኖች ክፍፍል ሊጠይቀው ስለፈለገ ከጎኑ አልተለየም።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ አንበሳ ወረደበት። ጥልቀቱ ጉልበቱ ድረስ እንኳ አልሆነም። ጦጣ ቃሉን ይዛ ከመጣችበት ጊዜ ይልቅ ጎድሎ ተገኘ። ንጉሡ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን የከበቡትን እንስሳት ቀና ብሎ አያቸው፤ ማንም ዓይኑን ለማየት አልደፈረም።

«ከርከሮ፣ መቆፈር ለምን ተውክ?»

«ጌታዬ፣ እዚያ ውስጥ ከገባሁ ከአለቱ ላይ አልታይም። ካልታየሁ እባረራለሁ። ልጆች አሉኝ።»

«አንተስ ዝንጀሮ?»

«እኔም እንደሱው።»

አንበሳ በቀበሮ ላይ ጮኾ ቁጣውን ሊያወርድበት ይችል ነበር፤ አላደረገም። ከዋሻው ደጅ ሆኖ አቧራ እያየ ደስ ይለው የነበረው ራሱ መሆኑን አስታወሰ። ወደ አህያ ዞረ።

«ከሁሉም ስጠይቅ አንቺንም ልጠይቅ። ከአንቺ ምን ተገኘ?»

«እስካሁን ምንም» አለች አህያ።

ይህን ስትል የግራ ጎኗ ከውስጥ ተገፍቶ አበጠና ተመለሰ። ሁሉም አዩት።

«ጥላሽ ሥር ሂጂ» አላት አንበሳ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጅብ ግንባሩን ቋጥሮ ያስብ ነበር። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አህያ ከእጁ እንደወጣች ግን ገብቶታል፤ ሆዱም አሁንም ባዶ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ቀበሮ ዞረ።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ከአንተስ ምን ተገኘ?»

«ከእኔ?» አለ ቀበሮ። «እኔ እኮ ስከታተል ነበር።»

«መከታተልህን አውቃለሁ። ምን ተገኘ?»

«ቃሉን… ቃሉን ተረጎምኩ!»

«እሱማ ስህተት ነው ተባለ። ሌላስ?»

ቀበሮ ወደ አንበሳ ተመለከተ። አንበሳ የጉድጓዱን አሸዋ በመዳፉ እየጠረገ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ምንም ያልተገኘበት ከሸለቆው ይወጣል» አለ ጅብ፣ እያንዳንዱን ቃል እየቆጠረ። «ከሸለቆው የወጣ ከሕጉም ወጣ። ይህን ያልከኝ አንተው ነህ። ጭንህ የአህያን አያክልም፤ ግን ምን ይደረግ።»

ቀበሮ ዘወር ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ጅብ ተከተለው። ከወንዙ ዳር ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ዳገቱ አቧራ እያስነሡ ሮጡ። ከዚያ ሁሉ የሩጫ ሰሞን የሚሮጥበትን ምክንያት በትክክል ያወቀ ሯጭ በሸለቆው የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጅብ ከቀበሮ ጅራት ጫፍ አንድ ጉርሻ ጸጉር ነጭቶ ባዶ ሆዱን ተመለሰ። ቀበሮ ተራራውን እንደተሻገረ አልተመለሰም፤ ከእርሻው ዳር ሲዞር ያዩት አሉ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ቁፋሮው እንደገና ተጀመረ። ከርከሮ ገባ፤ ከእሱ ኋላ አንበሳ ራሱ ገባና አሸዋውን በመዳፉ ይዝቅ ጀመር። ጅብንም ድንጋይ አሸከሙት። ኮረብታ ላይ ሲያመላልስ የከረመ ስለሆነ አልከበደውም፤ የዚህኛው ድንጋይ ልዩነት ከወጣ በኋላ ተመልሶ አለመውረዱ ብቻ ነበር። ጉድጓዱ ጠልቆ የቆፋሪዎቹ ጀርባ ከላይ እስከማይታይ ድረስ ቆፈሩ።

ይሁንና የባከነው ጊዜ ባክኗል። ጉድጓዱ ውስጥ እርጥበት ከመገኘቱ በፊት ወንዙ ውስጥ የቀረው ዝቃጭ ውሃ ደረቀ። የሚዳቋ ሁለት ግልገሎች በውሃ ጥም ሞቱ። አንበሳ ሊያጽናናት ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ሚዳቋ ቀና ብላ አላየችውም። እሱም ትንሽ ቆይቶ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው አሸዋው መርጠብ የጀመረው። መጀመሪያ እርጥበት፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ በመጨረሻም የደፈረሰ ውሃ ብቅ አለ። ብዙ አልነበረም። ትንንሾቹ አስቀድመው፣ ትልልቆቹ አስከትለው በተራ እየጠጡት እስከ በልግ አደረሳቸው። አህያም በጥር አጋማሽ አንዲት ረጃጅም እግር ያላት ውርንጭላ ወለደች። ጅብ ሊያያት መጥቶ ነበር፤ ከርከሮ ከሾላው ሥር ተኝቶ ስላገኘው ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ሄደ።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ ጦጣ ወደ ተራራው ማዶ ለመሄድ ተነሣች። ልትሰናበት አንበሳ ዘንድ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ እዚያ ቃል አይጠፋም። ሌላ ብሰማ ላምጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

«አምጪ» አላት አንበሳ። «ነገር ግን ማን፣ ስለ ምን ሲናገር እንዳለው አብረሽ አምጪ። ጨርሰሽ እስክትናገሪ ድረስም የሚያቋርጥሽ ቢኖር እኔን ጥሪኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ፍሬያማ የሚባለው ሲዋትት የታየው ሁሉ ሳይሆን ከድካሙ የሚጠቅም ነገር የተገኘበት መሆኑንና፣ በቃል ሰውን ከመመዘናችን በፊት የቃሉን ትርጉም እስከ መጨረሻው መስማት እንዳለብን ነው።